ሁለት ዓመት ያልተነቃነቀ

ማክሰኞ። በበጀቱ ላይ ድምፅ ሊሰጥ 38 ቀን ቀረው።

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች የቀኑን ውሎ የምነግረው ለእሷ ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናት። ለግድግዳ ከማወራ ለወረቀት ላውራ ብዬ ነው።

ዛሬ በበጀት ኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ አለፈ። ሐሳቡ የኔ አይደለም፣ የግምጃ ቤት ነው። ምክር ቤት ከመግባቴ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ አስቀማጭ ነበርኩ። እያንዳንዱ ዕቃ ካርድ ነበረው፦ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ካርዱ ላይ ሁለት ዓመት ምንም ያልተጻፈበት ዕቃ ከመደርደሪያ ይወርዳል። ቦታ ይዞ አቧራ ከመጠጣት በቀር ሥራ የለውማ። እኔ ሥራ ስጀምር አሥራ ስምንት የፍሬን ሸራ ተኝቶ እያለ ሌላ አሥር ይገዛ ነበር። አባካኝነት የሌብነት ታናሽ ወንድም መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«በፌዴራል በጀቱም እንደዚያው እናድርግ» አልኩ። «ሁለት ዓመት ገንዘብ ተይዞለት አንድ ሳንቲም ያልወጣበት የበጀት መደብ ሁሉ ይሰረዝ።»

አጠገቤ የሚቀመጠው ወፍራሙ ሐኪም፣ «ይሄ ሰውዬ አገሩን በሙሉ መደርደሪያ ላይ ሊሰቅለን ነው» ብሎ ሁሉን አሳቀ። ግን እጁን አወጣ። ሁሉም አወጡ።

ሁለተኛውንም ያቀረብኩት እኔ ነኝ፦ ማንም አባል ለራሱ ምርጫ ክልል ምሕረት አይለምን። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላልና ቢላዋውን አስቀድመን ከእጃችን እናስቀምጥ አልኩ። ይኸም አለፈ። ሰብሳቢው ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።


ዓርብ። 35 ቀን።

ስብሰባ። ስብሰባ። ሻይና ደረቅ ዳቦ። አዲስ ስም ወጥቶልኛል አሉ፦ «ግምጃ ቤት»። በኮሪደሩ ስሄድ አንዱ፣ «ግምጃ ቤት መጣ፣ ኪሳችሁን ዝጉ!» አለ። ሳቅሁ። ስም ካወጡልህ አይተውሃል ማለት ነው።


እሑድ። 33 ቀን።

ከጸሎት መልስ ያለሁበት የእንግዳ ማረፊያ ጸጥ ብሎ ዋለ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሩ የማይዘጋ ቁም ሣጥን። ለድምፁ ቀን የማደርገውን ንግግር ጀመርኩ። እኔ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የተማሩት እንደሚጽፉት አልጽፍም። የማውቀውን ጻፍኩ።

ዘንድሮ ለዕዳችን ወለድ የምንከፍለው ለትምህርት ቤቶች ከምንመድበው በልጧል። ወለድ ግድግዳ አይሠራም፣ ሕፃን አያስተምርም። ሰው በፍራሹ ልክ እግሩን ይዘረጋል፤ እኛ ግን እግራችንን ዘርግተን ፍራሹን የልጅ ልጆቻችን እንዲገዙልን ነው የምንጠብቀው። ስንበደር ዋስ ያደረግነው ገና ያልተወለደውን ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ጠየቀው? ደግ መሆን የሚፈልግ በራሱ ገንዘብ ደግ ይሁን። በሌላ ሰው፣ ያውም እምቢ ማለት በማይችል ሰው ገንዘብ ደግ መሆን ግን ደግነት ሳይሆን ድፍረት ነው።

ይህን ጽፌ ሳነበው አመንኩበት። እግዚአብሔር ያየኛል፣ ለጭብጨባ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ደወለች። በወንዙ ዳር ባለችው ከተማችን አስተማሪ ናት።

«አባዬ፣ በልተሃል?»

«በልቻለሁ።»

«ዳቦና ሻይ አትበለኝ።»

«እንቁላልም ነበረበት።»

«አጎቴ ሰላም በይልኝ ብሎሃል።»

«ሰላም በይው» ብዬ ስለ ፈተና እርማት ጠየቅኋት። አንድ ነገር ልታነሳ ፈልጋ እንደነበር ገብቶኛል። እናቷ ስላረፈችበት ቀን ልታወራ ስትል ወሬ እለውጣለሁ። ምን ይጠቅማል? ነገሩ ግልጽ ነው። ባለቤቴን ከሰዓት በኋላ ደረቷን አጣደፋት። ሆስፒታሉ ከወንዙ ማዶ ነው። በሽተኛ የሚያሻግር የመንግሥት ተጠባባቂ ጀልባ አለ፤ ባለ ጀልባው የገዛ ታናሽ ወንድሟ፣ የልጄ አጎት ነው። ጀልባው አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። እኔ እዚህ ነበርኩ፣ ስብሰባ ላይ።

ቂም የለኝም። በጸሎቴ ውስጥ እሱን ያልጠራሁበት ቀን የለም።


ማክሰኞ። 31 ቀን።

ሁለት ዓመት ያልተነቃነቁት መደቦች ዝርዝር ደረሰን፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ሲደመሩ ጉድለቱን ይሞሉታል ለማለት ይቻላል። ሰብሳቢው ሲያየው እንደ ሕፃን ነው የሳቀው።

በኔ ምርጫ ክልል ሦስት ናቸው። አንድ የጉድጓድ ውኃ፣ አንድ የዘር ማከማቻ። ሁለቱንም ደውዬ አጣራሁ፤ ጉድጓዱ ከደረቀ ስድስት ዓመቱ፣ ማከማቻው ጣሪያ የለውም። ሦስተኛው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው፦ «የወንዝ መሻገሪያ ተጠባባቂ ጀልባ። ነዳጅና ጥገና። የሁለት ዓመት ወጪ፦ የለም።» የባለ ጀልባው ደመወዝም ከዚያው መደብ ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንዱ ሲሰረዝ ሌላውም ይሰረዛል።

ሐኪሙ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይሄ ያንተ ሰፈር አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ሄደህ አይተኸዋል?»

«ወረቀቱ ተናግሯል እኮ። ነዳጅ ያልጠጣ ጀልባ የት ይሄዳል?»

ፈረምኩ። ለዚህኛው መደወል አላስፈለገም። በጋራዡ ዘመን ዕቃውን በዓይኔ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም ነበር፤ ግን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መደብ ማን ዞሮ ያያል? ደግሞስ የዘመድ ነው ብዬ ባልፈው ነገ በምን አፌ እናገራለሁ?

ወደ መሻገሪያው ከወረድኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጊዜ የለኝም።


ሐሙስ። 22 ቀን።

የስንብት ደብዳቤዎቹ ከወዲሁ ተልከዋል፤ የሚጸኑት በጀቱ ሲያልፍ ነው። ልጄ በሥራ ሰዓት ደወለች፤ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«አጎቴ ደብዳቤ ደረሰው።»

«ለእሱ ብቻ አይደለም የተላከው። ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቦታ ነው።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው የኔ ልጅ።»

ከበስተጀርባዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል አባዬ» አለችና ደወል ተደወለ ብላ ዘጋችው።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የባሰው ሆድ የማን ነው?


ቅዳሜ። 20 ቀን።

ሸሚዜን ራሴ ተኮስኩ። አንገቱን አቃጠልኩት።

ትናንት በኮሪደሩ ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «የሚስቱን ወንድም ሳይቀር አስወጣው አሉ።» «ሰው ማለት እንዲህ ነው! የኛዎቹ ቢሆኑ አክስታቸውን ሚኒስትር ያደርጉ ነበር።» ከበሩ ጀርባ ቆሜ እስኪጨርሱ አዳመጥኩ። ሰው ሲያመሰግንህ ተደብቀህ ማዳመጥ ከሐሜት በምን ይሻላል? ዛሬ ጠዋት በጸሎት ላይ ይህን ተናዘዝኩ። ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።


እሑድ። 12 ቀን።

የሚስቴ ወንድም መጣ። ሳይደውል። ከጸሎት ስመለስ የማረፊያው እንግዳ መቀበያ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በእጁ ይዞ። አውቶቡስ ውስጥ እንዳደረ ከዓይኑ ያስታውቃል። ገመድ የሰነጠቃቸው እጆቹ እንደ ድሮው ናቸው። ሲያየኝ ተነሳ። ተሳሳምን። ጢሙ ሸብቷል።

ሻይ አዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ለደመወዝ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለ።

«ታዲያ?»

ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አወጣ። አራት ቦታ ታጥፏል። «‹ለሁለት ዓመት ምንም እንቅስቃሴ ያልታየበት› ይላል። እኔን ነው?»

«አንተን አይደለም። መደቡን ነው።»

«መደቡ ማነው? እዚያ ወንዝ ላይ ከኔ ሌላ ሰው የለም እኮ።»

«የሒሳብ አነጋገር ነው።»

«በሒሳብ አነጋገር ሁለት ዓመት ተኝቼ በላሁ ማለት ነው?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ባለቤቴ «ወንድሜ የሚጮኸው ለዓሣ ብቻ ነው» ትል ነበር። «አስወጡኝ፣ እሺ። ዓለም እንዲህ ናት። አገሩ ዕዳ አለበት ብለሃል፣ በሬዲዮ ሰምቼሃለሁ፣ ልክ ነህ። ግን ይቺን ቃል ሰርዙልኝ። ልጆቼ ማንበብ ይችላሉ።»

«ሻይ ይጨመርልህ?»

«ይበቃኛል።» ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የጀልባዋ የጉዞ መዝገብ ነው። አንተ መዝገብ የምታውቅ ሰው ነህ፣ ስታየው ይገባሃል። የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ልሂድ።»

እስከ በሩ ሸኘሁት። ገና ስድስት ሰዓት ነበር።

ወደ ክፍሌ ውጣ አላልኩትም። ለምን አላልኩትም? አልጋው አልተነጠፈም ነበር።


ማክሰኞ። 10 ቀን።

መዝገቡን አላየሁትም። ሥራ በዝቷል። ቁም ሣጥኑ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ጋዜጣ በላዩ።


ሐሙስ። 8 ቀን።

በጀቱ ተመጣጠነ! ሰባት ጊዜ ደመርነው። ገቢና ወጪ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። ሰብሳቢው አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር እኔም። ሐኪሙ መሐረብ አቀበለኝና፣ «ለአንድ ግምጃ ቤት ዝናብ ጥሩ አይደለም፣ ዕቃ ያበላሻል» አለኝ።

ለባለቤቴ ብነግራት ምን ትለኝ ነበር? «ደስ ይላል። አሁን ብላ» ነው የምትለው።


ቅዳሜ። 6 ቀን።

ንግግሬን በመስታወት ፊት አነበብኩ። «እምቢ ማለት በማይችል ሰው ገንዘብ» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ ወደ ቁም ሣጥኑ ይሄዳል። ቦታ ቀይሬ ቆምኩ።


ማክሰኞ። 3 ቀን።

ከፈትኩት።

መጀመሪያ የጋራዥ ሰው ሆኜ አየሁት። ንጹሕ መዝገብ ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ጥሪው ከየት፣ ማን፣ ምን ሆኖ፣ ማዶ የደረሰበት ሰዓት። በሁለቱ ዓመት ውስጥ መቶ ሰማንያ ሰባት ጉዞ አለ። ሁለቴ ቆጠርኩ። በነዳጁ ረድፍ ላይ በእያንዳንዱ መስመር አንድ ቃል ነው የተጻፈው፦ «መዋጮ»። ከመዝገቡ ጀርባ ስድስት የደብዳቤ ቅጂዎች ተሰክተዋል፤ ነዳጅ ይለቀቅልኝ የሚሉ። የሚለቅቀው የወንዝ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። ገንዘቡ በየዓመቱ ይመደባል፤ ፈርሞ የሚያወጣው ሰው ግን የለም። ስለዚህ መንደርተኛው ነዳጅ ያዋጣል፣ ጀልባዋ ትሄዳለች፣ እዚህ ያለው ወረቀት ደግሞ «የለም» ይላል።

የቆመው ጀልባዋ ሳትሆን እኛ ነን። እንዲህ ዓይነቱን በጋራዡ ባገኝ ካርድ ያዡን እቀጣው ነበር።

እዚህ ላይ መዝጋት እችል ነበር። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያን ቀን መፈለግ አላስፈለገኝም፣ እጄ ገጹን ያውቀው ይመስል።

8፡40 ጥሪ፣ ላይኛው መንደር፣ ወላድ፣ ደም ይፈሳታል።
8፡55 ጥሪ፣ እህቴ፣ ደረቷን።
9፡00 ወደ ላይኛው መንደር ተነሣሁ።
9፡50 ወላዷ ማዶ ደረሰች።
10፡05 እህቴን አነሣሁ።
10፡28 ማዶ። በሕይወት አላደረስኳትም።

በእርሳስ ነው የተጻፈው፣ ከዚህ በፊትና በኋላ ያሉት ሁሉ በእስክሪብቶ ሲሆኑ። ከመዝገቡ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የጽሕፈት ቤቱ መመሪያ ተለጥፏል፦ ጥሪ በተራ ይስተናገዳል።

በተራ። ጋራዥ ውስጥ ስንት ሾፌር ጠረጴዛዬን እየደበደበ «የኔ ይቅደም» ሲለኝ በተራ ብዬ መልሻለሁ። የአጎቴ ልጅም አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ እሱንም በተራ አልኩት፣ ለዓመት አላናገረኝም፣ እኔም ኮራሁበት። ይህ ሰው ግን ያንኑ ያደረገው የገዛ እህቱ ደረቷን ይዛ ወንዝ ዳር ቆማ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የት ሄዶ ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። ሳልጠይቅ ያወቅሁ መሰለኝ።

ልጄ ያን ዕለት ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ነበር፤ 8፡50 እና 9፡20። ስልኬ ጠፍቶ ነበር። ስብሰባ ላይ ስልክ ማጥፋት ደንብ ነው።


ረቡዕ። 2 ቀን።

ማለዳ ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። መዝገቡን ዘርግቼ አሳየሁት። አንብቦ ጨረሰ፣ እውነት ለመናገር በትዕግሥት አነበበው።

«ወዳጄ፣ ያንተን ከከፈትኩ ሁለት መቶ አሥራ አንድ በር ይከፈታል። ሁሉም መዝገብ ይዞ ይመጣል።»

«ሳላይ ፈርሜ ነው።»

«ማን አይቶ ፈረመ?»

መዝገቡን ወደ እሱ ገፋሁት።

«ለራስ ክልል አይለመንም ያልከው አንተ ነህ። ሰው ያከበረን በእሱ ነው። ለሰውዬው ሌላ ሥራ እንፈልግለታለን።»

«ሥራ አይደለም የጠየቀኝ። የደብዳቤው ቃል እንዲታረምለት ነው።»

«ይሄማ ቀላል ነው!» አለና ጸሐፊዋን ጠርቶ እዚያው አስጻፈው፦ «መቶ ሰማንያ ሰባት የሕሙማን ጉዞ በትጋት የፈጸሙ መሆናቸው ታውቆ…» ማኅተም ተደረገበት። ሰው ሲባረር ማመስገን ርካሽ መሆኑን ዛሬ አየሁ። ወጪ የለውም።


ዓርብ። ዛሬ።

የምችለውን ያህል ልጻፍ።

ንግግሬን አደረግሁ። ዋሱን፣ ፍራሹን፣ ወለዱን። ጸጥ ብለው ሰሙኝ፣ አጨበጨቡ። መቀመጥ ነበረብኝ። አልተቀመጥኩም።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ መደብ ላይ ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ሳላይ ፈርሜያለሁ። የሚስቴ ወንድም የሚሠራበት ጀልባ ነው። አይንቀሳቀስም ተብሏል፣ ይንቀሳቀሳል። እንዲመለስ እጠይቃለሁ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ለራስ ሲቆርሱ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን እስቅ ነበር።

«ደጋፊ አለ?» አለ ሰብሳቢው።

ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። እስክሪብቶውን እየከፈተ ይዘጋል። ማንም አልነበረም።

ድምፅ ተሰጠ። በጀቱ በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ከደገፉት አንዱ እኔ ነኝ። በጀቱ ትክክል ነው፣ ዛሬም አምንበታለሁ፣ ነገም። ለአንድ ጀልባ ብዬ ሁሉን ብጥለው ያ ያልተወለደ ልጅ ዋስ ሆኖ ይቀራል። ይህን ሁሉ አውቄ እጄን አወጣሁ። ብረት የተሸከምኩ ያህል ከበደኝ።

ስንወጣ ሐኪሙ ክንዴን ያዘ። «እጄን ባወጣ ኖሮ» አለ፣ «የኔም ክሊኒክ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። መቶ አርባ ሦስተኛው። ያንተን ከከፈትኩ የራሴንም ከፈትኩ ማለት ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ አየሁት።


እሑድ። ድምፁ ካለፈ 2 ቀን።

ጋዜጣው ፎቶዬን አውጥቷል። «ለዘመዱ ያልሳሳው እንደራሴ» ይላል። የጠየቅሁትን አልጻፉም። ሰብሳቢው እንዳይጻፍ አስደርጎልኛል፣ ውለታ መሆኑ ነው። ጋዜጣውን ገዝቼ ለልጄ ልልክላት አስቤ ነበር፤ ከዚያ አፈርኩ። ጠዋት ጸሎት ላይ አንድም ቃል አልወጣኝም፤ ተንበርክኬ ብቻ ቆየሁ።


እሑድ። 9 ቀን።

ወደ ከተማችን መጣሁ። ልጄ አውቶቡስ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። «ከስተሃል» አለችኝ። ሻንጣዬን ተቀብላኝ፣ «አብሬህ ልውረድ?» ስትለኝ ብቻዬን ልሂድ አልኩ። ወደ መሻገሪያው የሚወርደውን መንገድ ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። እግሬ አልረሳውም።

ጀልባዋ የለችም። ረቡዕ ዕለት የንብረት ክፍል ሰዎች በጭነት መኪና ወስደዋታል። የቀረው የታሰረችበት ግንድና ከእንጨት የተሠራች አግዳሚ ወንበር ናት። የሚስቴ ወንድም ከቆርቆሮ በተሠራችው መጠበቂያ ውስጥ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ከነገ ጀምሮ የአሸዋ ማምረቻ ዘበኛ ሆኖ ይገባል።

ደብዳቤውን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ጣቱን «187» ላይ አሳረፈ።

«አሁን ደህና ነው» አለ። አጠፈና ደረት ኪሱ ከተተው።

«ነዳጁን ከደመወዜ ልሸፍን ብዬ ነበር» አልኩ።

«ምን ላይ ልትቀዳው?» ብሎ ወደ ባዶው ግንድ አሳየኝ። ትንሽ ሳቅን። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን ጋሼ?»

«የዚያን ቀን። ወላድ እንደነበረች።»

ወደ ውኃው ዞረ። «ምን ብዬ ልንገርህ? እህቴን ተራሽን ጠብቂ አልኳት ብዬ?» በእጁ መዳፍ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «ላይኛው መንደር የተወለደችው ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላት ነው። ትሮጣለች። ሳያት ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ደስ ስላለኝ እናደዳለሁ። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ለልጅህ ብቻ ነው የነገርኳት፣ ለአባቴ ልንገር ብላ ነበር። እሱ ሲጠይቅ ይሻላል አልኳት።»

አልጠየቅሁም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልጠየቅሁም።

«ተቀይሜህ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። በዚህ ስታልፍ ከመኪና ወርደህ አታውቅም።»

«ይቅር በለኝ።»

«ለየትኛው?» አለ። ቀና ብዬ ሳየው ሊያቆስለኝ አልነበረም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ። እኔም መለየት አቃተኝ።

«ለሁለቱም።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ። የመጠበቂያውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረ። «የመንግሥት ንብረት ነው። ሌላ የሚረከብ ሰው አላገኘሁም።»


ሰኞ። 10 ቀን።

ጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ አላውቅም። አግዳሚዋ ላይ ተቀመጥኩ። ጉም ነበር፣ ማዶው ያለው የሆስፒታሉ ጣሪያ ብቻ ይታያል። ቅርብ ነው እኮ። ድምፅ ብታሰማ የሚሰማ ይመስላል።

ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴትና አንድ ጎልማሳ፣ ወንድሟ ይሆናል፣ አሮጊት እናታቸውን በወንበር ተሸክመው በዳገቱ ወረዱ። የእናትየው አንድ እግር እስከ ጉልበት በፋሻ ተጠቅልሏል። ወንበሩን አሳረፉ። ሴትየዋ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ግንዱን አየች፣ ውኃውን አየች፣ እኔን አየች።

«እንደምን አደሩ አባባ። ባለ ጀልባው እርስዎ ነዎት እንዴ? ቀየሩት?»

«አይደለሁም።»

«የኛው ሰውዬ የት ሄደ? ሰኞ ሰኞ የእማማን ቁስል የምናሳጥበው እሱ እያሻገረን ነው። ያለፈው ሰኞ እዚሁ ነበር።»

«ጀልባዋ ተወስዳለች» አልኩ። «ከእንግዲህ የለችም። በድልድዩ ዞራችሁ ነው።»

«በድልድዩ? ሦስት ሰዓት መንገድ እኮ ነው! መኪናስ ከየት ይመጣል?» ጎልማሳው ወንበሩን ይዞ ቆሟል። እናትየዋ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ ነገረቻት። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሳትቆጣ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ጠየቀችኝ፦

«ማን ነው የወሰደው?»

በአዳራሹ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። በሬዲዮ ተናግሬያለሁ። ትናንት ለሚስቴ ወንድም ተናግሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ። የአሮጊቷ እግር ላይ ዝንብ አርፋ ነበር።

«መንግሥት ነው» አልኩ።

ወንበሩን ወደ ላይ ሲያነሡ አንዱን የወንበር እግር እኔ ያዝኩ። ዳገቱን እስክንወጣ ሁለት ጊዜ አረፍን። ላይ ስንደርስ ሴትየዋ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ፣ ሰው አይጥፋ አለችኝ። ከዚያ ወደ ባዶው መሻገሪያ ዞራ፣

«እንግዲህ ለመንግሥትም ልቦና ይስጠው» አለች።

አሜን አልኩ።